ፍሊትዉድ ማክ የማን ባንድ ነው?

«የአሜሪካ ባንድ ነው።»

እንዲህ በሚል ሰው አይፈረድም። ባንዱ ስሙ የገነነው ካሊፎርኒያ ከገባ በኋላ ነው። የተወለደው ግን ለንደን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ጊታሪስቱ ፒተር ግሪን ብሉዝ ሊጫወትበት አቋቋመው። «ብላክ ማጂክ ውማን» የተሰኘው ዘፈንም ብዙዎች እንደሚያስቡት የጊታሪስቱ የሳንታና ድርሰት አይደለም። ግሪን ደርሶት በ1968 ወጣ፤ ሳንታና የተጫወተው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

«ድራመሩ ሚክ ፍሊትዉድ በራሱ ስም ሰየመው።»

ስሙን ያወጣው ግሪን ነው። ፍሊትዉድ ከድራመሩ፣ ማክ ደግሞ ከቤዚስቱ ከጆን ማክቪ። የሚያስቀው፣ ያኔ ማክቪ ገና አልገባም! የጆን ሜይአልን ባንድ ለመልቀቅ እያመነታ ነበር። ስሙ ማባበያ ነበር ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ገባ። ግሪን በ1970 ሲለቅ ፍሊትዉድና ማክቪ ባንዱ ውስጥ ቆዩ።

በ1974 ደግሞ ማናጀራቸው «ስሙ የኔ ነው» ብሎ አረፈው። ከአባላቱ አንድም ሰው የሌለበት ቡድን በዚያው ስም አሜሪካ ላከ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

«ድምፃዊቷ ስቲቪ ኒክስና ጊታሪስቱ ሊንዚ ባኪንግሃም መሠረቱት።»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እነሱ ሲመጡ ባንዱ ሰባት ዓመት አልፎታል። በ1974 መጨረሻ ፍሊትዉድ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስቱዲዮ ሊያይ ሄደ። ባለሙያው የስቱዲዮውን የድምፅ ጥራት ሊያሳየው ባኪንግሃምና ኒክስ እዚያ የቀዱትን አንድ ዘፈን ከፈተለት። የፍሊትዉድን ጆሮ የያዘው ጊታሩ ነበር። ጊታሪስት ሲፈልግ ባኪንግሃምን ጠየቀው። እሱ ግን ያለ ፍቅረኛዬ አልገባም አለ። ዛሬ ብዙዎች የባንዱ ፊት የሚሏት ኒክስ በምርቃት ነው የገባችው።

«ሩመርስ የኒክስና የባኪንግሃም የመለያየት አልበም ነው።»

ግማሹ እውነት ነው። ይህ በአሜሪካ ለ31 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ የቆየ የ1977 አልበም ሲሠራ፣ የፍሊትዉድም ትዳር እየፈረሰ ነበር። ጆን ማክቪና ኪቦርድ ተጫዋቿ ባለቤቱ ክሪስቲንም ተለያይተው ነበር፤ ግን በየቀኑ አንድ ስቱዲዮ ይገባሉ። ክሪስቲን «ዩ ሜክ ላቪንግ ፋን»ን የጻፈችው ለአዲሱ ፍቅረኛዋ፣ ለባንዱ የመብራት ባለሙያ ነው። ጆንን ግን ስለ ውሻዬ ነው አለችው። እሱም ቤዙን አንስቶ ተጫወተበት።