ሜዲቴሽንና የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘላት ሴት ብዙ ጊዜ ሁለት ፍርሃት ይዛ ነው ቀኑን የምትጠብቀው። አንዱ የበሽታው ነው። ሌላው የቢላው፣ የሰመመኑና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሕመም ነው። የመጀመሪያውን ሐኪሞቹ ይዘውታል። ሁለተኛውን ግን ከ“አይዞሽ” ያለፈ የሚያግዛት ሰው እምብዛም አታገኝም። ትንፋሽን እየተከታተሉ የመረጋጋት ልምምድ የሆነው የሜዲቴሽን ወሬም የሚደርሳት ይሄኔ ነው፤ ከዩቲዩብ፣ ከቴሌግራም፣ ወይም ከውጭ አገር ከምትደውል ዘመድ። አንዱ ተአምር ያደርገዋል፣ ሌላው ባዕድ አምልኮ ይለዋል። በመሃል እሷ ግራ ትጋባለች።

“ሜዲቴሽን ካንሰሩን ያጠፋዋል”

አያጠፋውም። ይህን የማስቀድመው ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። መደበኛውን የካንሰር ሕክምና ትተው አማራጭ ሕክምና ብቻ የመረጡ ሰዎችን ከታከሙት ጋር አነጻጽረዋል። አማራጩን ብቻ በመረጡት የጡት ካንሰር ሕሙማን ላይ የሞት አደጋው ከታከሙት ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። እኛ ዘንድ “ቢላ የነካው ካንሰር ይሰራጫል” የሚል ወሬም አለ። ቀዶው በሽታውን አያሰራጨውም። የሚያሰራጨው ሳይታከም የሚያልፈው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሜዲቴሽን የምትጀምሪ ከሆነ ቀጠሮሽን ይዘሽ ጀምሪ።

“ከሃይማኖቴ ጋር ይጋጫል”

ይህን ስጋት አቅልዬ አላየውም። ብዙ ሴቶች በዚያ ሰዓት የቀራቸው ብርታት እምነታቸው ነው። በእሱ ላይ ማንም እንዲቀልድባቸው አልፈልግም።

እውነቱ ይህ ነው። ዛሬ በሆስፒታሎች የሚሰጠው ሜዲቴሽን በአብዛኛው የመጣው ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከጀመረው የስምንት ሳምንት ሥልጠና ነው። ሥሩ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ልምምድ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሥልጠናው ግን ሃይማኖታዊው ነገር ወጥቶለት ለሕሙማን የተዘጋጀ ነው። የሚጠራ ስም የለም፣ ስግደት የለም። ተቀምጦ ወይም ጋደም ብሎ ትንፋሽን መከታተል፣ ሐሳብ ሲሸሽ መልሶ ማምጣት፣ በቃ። ይህም ሆኖ ልቧ ያልተቀበለውን ሴት ማስገደድ ተገቢ አይደለም።

ለእሷ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዙ የሕክምና መጽሔት የወጣ የጣሊያን ተመራማሪዎች ሥራ፣ ካቶሊኮች በመቁጠሪያ የሚያደርሱትን ጸሎት በላቲን ያደረሱ ሰዎችን ትንፋሽ ለካ። ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ ዝቅ አለ። በዚህ ፍጥነት ሲተነፈስ የልብ ምትና የደም ግፊት ይቀናጃሉ፣ ሰውነትም ይረጋጋል። የኦርቶዶክስ እናቶች በመቁጠሪያ አርባ አንድ ጊዜ “እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ” ሲሉ፣ ሙስሊም እናቶች ተስቢህ ይዘው ዚክር ሲያደርጉ፣ ወይም አንዲት ጴንጤ እህት ከመዝሙረ ዳዊት አንድ ቁጥር ደጋግማ ስትል የኖረችበትን ነው የምታደርገው። ጥናቱ እነዚህን አልለካም። ነገር ግን በዝግታ የሚደጋገም ቃልና ረጋ ያለ ትንፋሽ እዚህም አሉ። ጸሎት ለልብ ምት ተብሎ እንደማይጸለይ አውቃለሁ። ለማለት የፈለግኩት፣ ሰመመን ሰጪው እስኪመጣ አልጋ ላይ ሆነሽ ጸሎትሽን ረጋ ብለሽ ማድረስሽ ሰውነትሽንም ያግዘዋል።

“አእምሮን ባዶ ማድረግ ነው፤ እኔ አልችልም”

ማንም አይችልም። በዋዜማው ሌሊት “ልጆቼን ማን ያያቸዋል?”፣ “ባሌ ሲያየኝ ምን ይል ይሆን?”፣ “ከሰመመኑ ባልነቃስ?” የሚል ሐሳብ ባይመጣ ነው የሚገርመው። ልምምዱ ሐሳቡን ማባረር አይደለም። “ፍርሃት መጣ” ብለሽ ታውቂዋለሽ፣ ከዚያ ወደ ትንፋሽሽ ትመለሻለሽ። እንደገና ይመጣል፤ እንደገና ትመለሻለሽ። ሃያ ጊዜ ከሸሸሽ ሃያ ጊዜ መመለስ ነው። መመለሱ ራሱ ሥራው ነው።

ለጀማሪ እንዲህ ይበቃል፦ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠርሽ አስገቢ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። ትንፋሽ አትያዢ። ካዞረሽ ቁጥሩን ትተሽ እንደለመድሽው ተንፍሺ። ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል። አስታማሚሽ አብራሽ ብትሠራ ደግሞ ጥሩ ነው፤ እሷም ፈርታለች።

“ቀዶው ነገ ነው፤ አሁን ምን ዋጋ አለው?”

ዋጋ አለው። አሜሪካ ውስጥ በዱክ ዩኒቨርሲቲ 121 ሴቶች ከጡታቸው ናሙና ሲወሰድ ጥናት ተደርጎ ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። አንዳንዶቹ የተቀዳ ሜዲቴሽን ሰሙ፣ አንዳንዶቹ ሙዚቃ፣ ሌሎቹ እንደወትሮው ከባለሙያዋ ጋር እያወሩ ተሠራላቸው። ሜዲቴሽንና ሙዚቃ የሰሙት ጭንቀታቸው ይበልጥ ቀነሰ። ከቀናት በፊት የተለማመደ አልነበረም፤ እዚያው አልጋ ላይ በጆሮ የሰሙት ነው። ስለዚህ የምትወጂውን ረጋ ያለ መዝሙር ወይም ነሺዳ ስልክሽ ላይ አዘጋጂ። ማዳመጫውንም ይዘሽ መግባት ትችዪ እንደሆነ ነርሷን ጠይቂ።

“ከተለማመድኩ ማስታገሻ አያስፈልገኝም”

ይህ ከእኛ “ሴት ልጅ ትችላለች” ከሚለው ጋር ሲገጥም ይከፋል። ማስረጃውን እንዳለ ላስቀምጠው። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 የተቀበለው መመሪያ፣ የጡት ካንሰር ሕሙማንን ጭንቀት ለመቀነስ ሜዲቴሽንን በጠንካራ ደረጃ ይመክራል። ለሕመም ያለው ማስረጃ ግን ያን ያህል አይደለም። ሕመሙን ያዝ ለማድረግ፣ በተለይ ፍርሃቱ የሚጨምረውን ክፍል ለመቀነስ ያግዛል። መድኃኒቱን አይተካም።

ሕመምን ችሎ መተኛት ደግሞ ጉዳት አለው። ያመማት ሴት በደንብ አትተነፍስም፣ ክንዷን አታንቀሳቅስም፣ ትከሻዋም ይደርቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የበረታ ሕመም፣ ከቀዶው በፊት የነበረ ከባድ ጭንቀት፣ የብብት ንፍፊቶች መውጣት፣ እነዚህ ሁሉ ለወራት ከሚቆይ ሕመም ጋር ይያያዛሉ። ብብት ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ነርቭ በቀዶው ጊዜ ሊጎዳ ይችላል፤ የክንድ ውስጠኛው ክፍል የሚደነዝዘው ወይም የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ላይ ከተሳተፉት ሴቶች 47 በመቶው ከቀዶው ሁለት ዓመት ገደማ በኋላም ሕመም ነበራቸው፤ ከእነሱ ግማሽ ያህሉ ቀላል ነው ብለዋል። እና ነርሷ “ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?” ስትልሽ ሰባት ከሆነ ሰባት በዪ። ማስታገሻሽን በሰዓቱ ውሰጂ። መሥራት ሲጀምር ትንፋሽሽን እየተከታተልሽ የታዘዘልሽን የክንድ እንቅስቃሴ ሥሪ። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ነው የሚያምረው።

ትኩሳት፣ በድንገት ያበጠ ደረት፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ መግል፣ የእግር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ዓይን ጨፍኖ ማሰላሰል የለም። ወደ ሐኪም ነው።

“ያመጣብኝ ጭንቀቴ ነው፤ ካልተረጋጋሁ ይመለስብኛል”

ይህን የሚሉ ሴቶች ያሳዝኑኛል። በሽታው ሳያንስ ጥፋተኛም ሆነው ይተኛሉ። በእንግሊዝ ከ106,000 በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ውጤት፣ ጭንቀት የጡት ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያሳይ ወጥ የሆነ ግንኙነት አላገኘም። ሐዘንሽ፣ ፍቺሽ፣ የስደት ኑሮሽ ይህን አላመጣብሽም። ስለዚህ ሜዲቴሽን እንደ ግዴታ አይታይ። አንድ ቀን አልቅሰሽ ብታድሪ ካንሰሩን አልጠራሽውም።

“ቢያንስ ማንንም አይጎዳም”

አብዛኛውን ሰው አይጎዳም። ነገር ግን ከባድ ነገር ያለፈባት ሴት፣ ጦርነት፣ መደፈር፣ በአረብ አገር ቤት ውስጥ የደረሰ በደል፣ ዓይኗን ጨፍና ዝም ስትል ትዝታው ሊወርድባት ይችላል። በልምምዱ ሐሳብን በየአካል ክፍሉ እያዞሩ ደረት ላይ ማሳረፍም ከቀዶው በኋላ ለአንዳንዷ ይከብዳል። እንዲህ ከሆነ ዓይን ሳይጨፈን፣ እግር ወለሉን ሲነካ ያለውን ስሜት መከታተል ይቀላል። ከባሰ ማቆም ነው። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ እምቢ ካለ፣ “ምነው በሞትኩ” የሚል ሐሳብ ከመጣ ለሐኪሙ ይነገር፤ ለዚህም ሕክምና አለው። ከቀዶው በፊት ደግሞ ለሰመመን ባለሙያው “በጣም ፈርቻለሁ” ማለት አያሳፍርም። የሚያረጋጋ መድኃኒት የሚያስፈልግ ከሆነ የሚወስነው እሱ ነው፤ ካልተነገረው ግን ላያውቅ ይችላል።