ድርሻ ሲሳሳ
«አክሲዮኑ 2 ዶላር ብቻ ነው፣ 20 የማይገባበት ምክንያት የለም» የሚል ክርክር በታዳሽ ነዳጅ ኩባንያዎች ላይ ይበዛል። እኔን ግን ከዋጋው በላይ የሚያሳስበኝ የአክሲዮኑ ብዛት ነው።

ከምግብ ዘይት ተረፈ ምርት ነዳጅ የሚያመርት ፋብሪካ መገንባት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ገና ማትረፍ ያልጀመረ ኩባንያ ታዲያ ብዙ ጊዜ አዲስ አክሲዮን አውጥቶ ይሸጣል። 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነበረው እንበል። ሌላ 100 ሚሊዮን ሲጨምር የእርስዎ 1,000 አክሲዮን ያው 1,000 ነው፤ ድርሻዎ ግን በግማሽ ወርዷል። የድርሻ መሳሳት የሚባለው ይሄ ነው።

ሁልጊዜ ኪሳራ ነው ማለት አይደለም። የተሰበሰበው ገንዘብ እዚያው ኩባንያው ውስጥ ገብቷል። ችግሩ በርካሽ ሲሸጥ ነው።

አሁን 20 ዶላሩን በ200 ሚሊዮን ያባዙት፤ 4 ቢሊዮን ዶላር ይመጣል። ኩባንያው ያን ያህል ያወጣል ወይ?