ሃይማኖትና መልካም አስተዳደር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ የመልካም አስተዳደር ነገር ሲነሳ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። እውነት ስለሚመስሉ ብዙ ሰው ዝም እንዲል ያደርጋሉ።

«ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ ናቸው፤ ቄስና ሼኽ ስለ ጉቦ አይመለከታቸውም»

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። አፋችሁን ዝጉ ግን አይልም። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣንም ይጠየቃል ይላል። ዘጸአት 23፥8 ጉቦን ይከለክላል። ነቢዩ ሙሐመድም ሰጪውንም ተቀባዩንም ረግመዋል። ይህን ማስተማር ሥልጣን መሻት አይደለም። እገሌን ምረጡ ብሎ ከመድረኩ መስበክ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን እኔም አልደግፍም።

«አስተዳደር የሚባለው ቢሮ ውስጥ ያለው ነው»

ጣና ዳር ወዳለው ዘጌ ተሻግራችሁ እዩ። በጻድቁ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ስለሆነ፣ ጫካው ከነቡናው እስከ ዛሬ አለ። ሰው አምኖበት የሚያከብረው ደንብ ማለት ይሄ ነው።

«ለእግዜር የተሰጠ ገንዘብ ሒሳብ አይጠየቅበትም»

በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። የራሱን ሙዳየ ምጽዋት የማይጠይቅ ምእመን ቀበሌውን በምን አፉ ይጠይቃል? ደግሞም ሥርዓቱ አለ። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ቃለ ዐዋዲ የሚባለው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ደንብ ካህናቱን፣ ምእመናኑንና ወጣቶቹን ደብሩን በሚያስተዳድር በአንድ ሰበካ ጉባኤ ያስቀምጣል።

እኔ በማስቀድስበት ደብር ሙዳዩ የሚከፈተው በሰው ፊት ነው። ብሩ ምንጣፍ ላይ ይፈሳል። አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይደግማል፣ ሦስተኛው ይጽፋል፤ ከዚያ ይፈራረማሉ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ወገብ ያማል። ግን ማንም ማንንም አያማም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሒሳቡ ሲነበብ፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። «ልጄ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ደረሰኝ የታለ?» አሉ። ጉርምርምታ ተሰማ። «እማማ ደግሞ ምነው!» ያለም ነበር። ገንዘብ ያዡ ግን አልተቆጣም። ከፋይሉ ውስጥ ደረሰኙን ፈልጎ አወጣና ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበላቸው። እስኪጨርስ ቆመው ሰሙት።