ሹተር ስፒድ ምንድን ነው? ለሚበር ወፍስ ስንት ይሁን?

ካሜራ ፎቶ ሲያነሳ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ለቅጽበት ተከፍቶ ይዘጋል። ምስሉን የሚመዘግበው ሴንሰር ብርሃን የሚያገኘው በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ሹተር ስፒድ የምንለው የዚህችኑ ቅጽበት ርዝመት ነው። የሚለካውም በሰከንድ ክፍልፋይ ነው።

ቅርንጫፍ ላይ ላረፈ ወፍ ብዙም አያስጨንቅም። ለሚበር ወፍ ግን ከሁሉ በፊት የሚታሰበው ይሄ ቁጥር ነው። እስቲ እናስላው። በሰከንድ 15 ሜትር የሚበር ወፍ በ1/500 ሰከንድ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። በ1/2000 ግን አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ካሜራውን ከወፉ ጋር እኩል እያዞሩ መከተል ገላውን ጥርት ያደርገዋል። ክንፉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚመታ፣ በተለይ ጫፉ፣ በመከተል ብቻ አይያዝም።

ክንፉን ዘርግቶ ለሚንሳፈፍ ንስር 1/1000 ሊበቃ ይችላል። ለእርግብና ለዳክዬ ከ1/2000 ብጀምር ይሻለኛል። ትንንሾቹና ድንገት የሚታጠፉት 1/3200 እና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ኤትየን ዡል ማሬ እ.ኤ.አ. በ1882 የወፍ በረራ ለማጥናት ጠመንጃ የሚመስል ካሜራ ሠርቶ ነበር። በሰከንድ 12 ፎቶ ያነሳል፤ እያንዳንዱም በ1/720 ሰከንድ! በዚያ ዘመን ይህን መሥራቱ እስከዛሬ ይደንቀኛል።

ፍጥነት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከ1/1000 ወደ 1/2000 ስንወጣ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ያንን ለማካካስ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን) ከ800 ወደ 1600 ከፍ እናደርጋለን፤ ያኔ ፎቶው ላይ ኖይዝ፣ ማለትም አሸዋ የተበተነ የሚያስመስል ነጠብጣብ፣ ይበዛል። ብዙ ሰው ይህን ፈርቶ ሹተሩን ያዘገያል። እኔ በዚህ አልስማማም። ኖይዝን የዛሬ ሶፍትዌሮች በደንብ ያጸዱታል። በእንቅስቃሴ የደበዘዘ ላባ ግን ተመልሶ አይመጣም። በኤዲቲንግ ሻርፕ (ጥርት) ሲያደርጉት ጠርዙ ይጎላል እንጂ የጠፋው ዝርዝር አይገኝም።

የባሰ ኖይዝ የሚያመጣው ጨልሞ የተነሳን ፎቶ በኋላ በግድ ማብራት ነው። ደማቅ ሰማይ ካሜራውን ያታልለዋል፤ ወፉም ጥላ ይመስላል። ስለዚህ ገና ሲያነሱ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) በ1 ስቶፕ ያህል፣ ማለትም በእጥፍ፣ ከፍ ማድረግ ጥሩ ነው። ከጀርባው ጨለማ ላለበት ነጭ ወፍ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ዝቅ ይደረግ። ነጩ ላባ አንዴ ከነደደ፣ ማለትም ብርሃን በዝቶበት ድፍን ነጭ ከሆነ፣ ምንም ኤዲቲንግ አይመልሰውም።

ፎቶውን በራው ፋይል (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) ያስቀምጡ። ኤዲት ሲያደርጉ መጀመሪያ ኖይዙን ያጽዱ፤ ቀጥሎ የክንፉን ሥር ጥላ በትንሹ ያብሩ። ክሮፕ ሲያደርጉ (የፎቶውን ዳር ሲቆርጡ) ወፉ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ሰፋ ያለ ቦታ ይተዉ። ሻርፕ ማድረጉ መጨረሻ ይሁን፤ እሱም ወፉ ላይ ብቻ። ሰማዩ ላይ ከተደረገ ያጸዱትን ኖይዝ መልሶ ያወጣዋል።