የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ ይዞ አዲስ ታሪክ መጻፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ላይ፣ ከፒያሳ ብዙ በማይርቅ ቡና ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት የምንገናኝ ዘጠኝ አንባቢዎች ነን። ተማሪዎች አሉን፣ ሁለት መምህራን አሉን፣ ጡረታ የወጡ ነርስ አሉን፤ እሳቸውን ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ። ከመካከላችን አንዷ ወጣት ደግሞ ትጽፋለች። የምትጽፈው ፋን ፊክሽን የሚባለውን ነው፤ አንባቢ ቀድሞ የሚያውቃቸውን ገጸ ባሕርያት ወስዶ ሌላ ታሪክ ውስጥ የሚያስገባ ድርሰት።

የመረጠችው የአርዌን አፈ ታሪክ ነው። ለዘነጋው ላስታውስ፦ አርዌ አገሩን 400 ዓመት ገዛ የሚባል ዘንዶ ነው። ሕዝቡ ከብትና ልጃገረድ ይገብርለት ነበር። አንጋቦ የሚባል ሰው መርዝ የበላ ፍየል ሰጥቶ ገደለውና በቦታው ነገሠ። እኛ ልጅ ሆነን በሰማነው አተራረክ ለዘንዶው የተመደበችው ልጅ ስም እንኳ የላትም። ደራሲያችን የያዘችው እሷን ነው። እስካሁን 11 ክፍል አንብባልናለች፤ በየክፍሉ ተከራክረናል፤ ስንከራከር ደግሞ የሚያጋጨን ብዙ ጊዜ ድርሰቱ ራሱ አይደለም፤ ስለ ገጸ ባሕርይ ከየቤታችን ይዘነው የመጣነው ግምት ነው። ደጋግመው የሚነሡትን እያነሣሁ የማምንበትን ልናገር።

«ፋን ፊክሽን የራሱ ፈጠራ የሌለው ሰው መጠጊያ ነው»

የንግሥተ ሳባ ጉብኝት በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 ላይ 13 ቁጥር ብቻ ነው። ስሟ አልተጻፈም። ማክዳ የሚለውን ስም፣ ነጋዴውን ታምሪንን፣ በሌሊት የተጠጣውን ውኃ፣ አባቱን ፍለጋ የሄደውን ልጅ የምናገኘው ክብረ ነገሥት ላይ ነው። ክብረ ነገሥት ለብዙዎቻችን ከድርሰት በላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ክብሩን መንካት አልፈልግም። አሠራሩን ግን ልብ በሉ፤ በ13 ቁጥር የቆመችን ሴት ወስዶ ቤት፣ ስም፣ ጉዞ፣ ሐሳብ ሰጥቷታል። ዜና እስክንድርም እንዲሁ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 የሞተው የመቄዶንያው እስክንድር በግእዙ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረበት ክርስቲያን ንጉሥ ሆኖ ይመጣል። ይህን የሠሩ ሊቃውንት ፈጠራ አጥሯቸው ነው የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። የታወቀ ሰው ይዞ መጻፍ እንዲያውም ይከብዳል፤ አንባቢው ገጸ ባሕርዩን ካንተ በፊት ስለሚያውቀው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይይዝሃል።

«ካልሸጥኩት ማንም አይጠይቀኝም»

ይህን ተማሪዎቹ ናቸው የሚሉት፤ አጭር መልስ ይበቃዋል። አርዌ የማንም ንብረት አይደለም። በሕይወት ያለ ደራሲ የፈጠረው ጠንቋይ ወይም ተዋጊ ግን ባለቤት አለው። በእኛ አገር የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ሥራውን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብትም በውስጡ ነው። በነፃ ማደል ፈቃድ ማግኘት አይደለም። ለልምምድ ጻፉ፣ ለጓደኛ አንብቡ፤ ለማሳተም ስታስቡ ባለቤቱን ጠይቁ።

«ገጸ ባሕርዩ ዋናው ታሪክ ላይ ከነበረው ከተለየ ተበላሸ ማለት ነው»

ግማሽ እውነት ስላለበት ብዙ ሰው የሚያሳስተው ይህኛው ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ስታነብልን ልጅቷ ዋሻው ደጃፍ ላይ ቆማ «አንተ እባብ፣ አልፈራህም!» ትላለች። ሁለቱ ተማሪዎች አጨበጨቡ። ሦስተኛው ግን ፊቱን አኮማትሮ «አፈ ታሪኩ ላይ እኮ ልጅቷ ተገብራ ነው የምትሄደው፤ አንድም ቃል አትናገርም። ቀየርሻት» አለ። ክርክሩ ጦፈ። ግማሹ «ደራሲ መብቷ ነው» ይላል፤ ግማሹ «እንደነበረች ትቀመጥ» ይላል። እማማ ሁሉም እስኪወጣለት ጠበቁና ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ መናገሯ አይደለም እኔን የቆረቆረኝ። ይኸ ዘንዶ 400 ዓመት የነገሠ ነው። እናቷም፣ አያቷም፣ ቅድመ አያቷም አንቱ ሲሉት ነው የኖሩት። ይቺ ልጅ አንተን ከየት አገኘችው?»

ጠረጴዛው ዝም አለ። ደራሲዋ እስክሪብቶዋን አንሥታ «እማማ፣ እርስዎ ቢሆኑ አንተ መቼ ይሉት ነበር?» አለቻቸው። «እሱንስ አንቺ ፈልጊው» አሏት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዛ የመጣችው ይህን ነው። ልጅቷ ፍየሉን እየጎተተች ትደርሳለች። አንገቷን ደፍታ እጅ ትነሣለች። «ጌታዬ፣ ፍየሉን ያስቀድሙ» ትላለች። ዘንዶው ያስቀድማል። ፍየሉ በጉሮሮው ሲወርድ፣ እብጠቱ ቀስ እያለ ወደ ሆዱ ሲሄድ በዓይኗ ትከተለዋለች። እብጠቱ ሲቆም ቀና ትልና አንድ ቃል ትናገራለች፦ «ዋጥከው።»

ስለ መርዙ አንዲት ቃል አልተጻፈም፤ አላስፈለገም። «ያስቀድሙ» ብላ ጀምራ «ዋጥከው» ላይ ስትደርስ ንግሥናው ሲያከትም ሁላችንም ሰማነው። «ቀየርሻት» ያለው ተማሪ ራሱ «አሁን እሷ ናት» አለ። ልብ በሉ፤ ልጅቷ ሁለተኛው ረቂቅ ላይ ከአፈ ታሪኩ ይበልጥ ርቃለች፤ ፍየሉን የምታቀርበው እሷ ሆናለች እንጂ አንጋቦ አይደለም። ግን አስተዳደጓ አለ፣ ፍርሃቷ አለ፣ የአገሯ ወግ አፏ ላይ አለ። ገጸ ባሕርይ የሚበላሽብን የሚያደርገው ነገር ስለተቀየረ አይደለም፤ የሚያደርግበት ምክንያት ሲጠፋብን ነው። ስለዚህ አንባቢ «እሷ ይህን አታደርግም» ከማለቱ በፊት «ምን ቢደርስባት ታደርገዋለች?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ድርሰቱ ውስጥ ከሌለ ያኔ ለደራሲዋ ይንገራት፤ ትልቅ ውለታ ይውልላታል።

«ብዙ ኃይል ያለው ገጸ ባሕርይ ጠንካራ ነው» እና «ሁሉ የሚሳካላት ሴት ሜሪ ሱ ናት»

አንዱ የሌላው ተገላቢጦሽ ስለሆነ አብሬ አነሣቸዋለሁ። «ሜሪ ሱ» የሚለው ስም የመጣው ፓውላ ስሚዝ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1973 በአድናቂዎች መጽሔት ላይ ካወጣችው አጭር የስላቅ ጽሑፍ ነው። በዚያን ጊዜ የጠፈር መርከብ ተከታታይ ፊልም ወዳጆች የሚጽፉትን ድርሰት ነበር የነካችው፤ ጀግናዋ ገና በ15 ዓመት ተኩሏ መኮንን የሆነች፣ ሁሉ የሚያደንቃት፣ ምንም የማያቅታት ልጅ ናት። የስላቁ ዒላማ ግልጽ ነበር፦ ዓለሙ ሁሉ ለአንዲት ልጅ ሲባል ሕጉን ይጥላል። ዛሬ ግን ስሙ ችሎታ ያላት ሴት በታየች ቁጥር ይለጠፋል። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል፤ በተለይ ጎንደር ላይ ሲባል።

እስቲ ቁስቋም ውጡ። እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው ዐፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጃቸውን ኢያሱን አንግሠው ራሳቸውም ዘውድ ደፉ። ከልጃቸው በኋላ በልጅ ልጃቸው በኢዮአስ ዘመንም ከቤተ መንግሥቱ ጉዳይ አልራቁም። ቁስቋም ላይ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩ። ይህን አንድ ጀማሪ ደራሲ በልብ ወለድ ቢጽፈው «ተጋነነ» ይባል ነበር። ሆኖም ሴትዮዋ ልጃቸውንም ቀበሩ፤ ኢዮአስም እ.ኤ.አ. በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ሲገደሉ በሕይወት ነበሩ። ኃይላቸው ዋጋ አስከፍሏቸዋል። አንባቢን የሚያሳምነው የኃይሉ ማነስ ወይም መብዛት ሳይሆን ይህ ዋጋ ነው።

የእኛዋም ልጅ ክፍል 5 ላይ የእባብ ቋንቋ መናገር ጀመረች፤ በነፃ። ሁላችንም ቅር አለን። ደራሲዋ ኃይሉን አልነጠቀቻትም፤ ዋጋ አበጀችለት። በእባብ ቋንቋ ባወራች ቁጥር ከሰው ቋንቋ አንድ ቃል ትረሳለች። መጀመሪያ የጠፋት ሰፌድ ነው። «እማ፣ ያን ክቡን ነገር አቀብዪኝ» ስትል እናቷ ሰፌዱን ከግድግዳው አውርዳ ዓይን ዓይኗን እያየች፣ ምንም ሳትል ሰጠቻት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ አፏን በከፈተች ቁጥር እኛ እንሳቀቃለን።

«ክፉውን ገጸ ባሕርይ መረዳት ክፋቱን ማጽደቅ ነው»

ክፍል 7 በአርዌ ዓይን ነው የተጻፈው። ከመምህራኑ አንዱ «ልጃገረድ የሚበላ ዘንዶ ምን ሐሳብ አለው?» ብለው ሊሰሙ አልፈለጉም። እኔ ግን ጎንደሬ ይህን ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ በብዙ የአማርኛ ተውኔትና ልብ ወለድ ጀግና ናቸው። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቱን ማቃጠላቸውም እዚህ ከተማ አልተረሳም። ሁለቱንም በአንድ ሰው ውስጥ ይዞ የሚጽፍ ደራሲ ማንንም ነፃ አላወጣም፤ ያየውን አልሸሸገም። አርዌ በክፍል 7 የሚናገረው ስለ ረኀቡ ነው። አንብበን ስንጨርስ ይበልጥ ነው የጠላነው።

«የደራሲው ቃል የመጨረሻ ነው»፣ ወይም «አንባቢ ያለው ይደረግ»

የስፔናዊው ደራሲ የሴርቫንቴስ ልብ ወለድ ዶን ኪኾቴ እ.ኤ.አ. በ1605 ታትሞ አገር ካዳረሰ በኋላ፣ በ1614 ሌላ ሰው በብዕር ስም የራሱን ሁለተኛ ክፍል አወጣ። ሴርቫንቴስ በ1615 የራሱን ሁለተኛ ክፍል ሲያሳትም ምን አደረገ? ባለ ታሪኩ ስለዚያ የሐሰት መጽሐፍ ሰማ። በሐሰተኛው መጽሐፍ ላይ ሳራጎሳ ገብቷል ተብሎ ስለተጻፈ፣ ሊሄድባት የነበረችውን ሳራጎሳን ትቶ ወደ ባርሴሎና አቀና። ዋናው ደራሲ እንኳ ሌሎች በገጸ ባሕርዩ ላይ የሠሩትን እንዳልሰማ መሆን አልቻለም፤ መልሱንም የሰጠው በገጸ ባሕርዩ እግር ነው።

የእኛዋ ደራሲ መላ ይህን ይመስላል። የክፍሉን ቅጂ ታድለንና እርሳስ ትሰጠናለች። አስተያየት እንድንጽፍ አትጠይቅም፤ ማመን ያቆምንበትን መስመር ብቻ እንድናሰምር ነው የምትለን። ሦስት እርሳስ አንድ መስመር ላይ ካረፈ እንደገና ትጽፈዋለች። አንድ ብቻ ከሆነ ያሰመረውን ሰው ቡናው እስኪቀዘቅዝ ትጠይቀዋለች። «እንዲህ አድርጊው» የሚላትን በትሕትና ሰምታ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ታደርጋለች፤ ልክ ናት። አንድ ጊዜ ስድስታችን ልጅቷ አንጋቦን እንድታገባ ለመንናት፤ አላገባችውም።

«አማርኛ ለፋንታሲ (ለምትሐታዊ ልብ ወለድ) አይመችም»

ይህን የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ እቆጣለሁ። በብራና ላይ የሚጻፍ ጠልሰም ያለበት ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ ተለክቶ ሲሠራ የኖረበት አገር ነው፤ ከራስ እስከ እግር ሰውየውን እንዲጠብቀው። ከዚህ የተሻለ የምትሐት ዕቃ ከየት ይመጣል? ዛር፣ ቡዳ፣ ጭራቅ፣ ዘንዶ ሁሉም ስምና ጠባይ ይዘው ተቀምጠዋል። በ«አንቱ» እና በ«አንተ» መካከል ያለውን ርቀት ደግሞ ከላይ አይታችሁታል፤ ንጉሥ በአንድ ፊደል የሚወርድበት ቋንቋ ነው።

ክፍል 12 ቅዳሜ ይነበባል። በትግራይ በሚነገረው አተራረክ የዘንዶው ደም ልጅቷ እግር ላይ ይንጠባጠብና እግሯ እንደ አህያ ሰኮና ይሆናል፤ ኋላ ሰሎሞን ዘንድ የምትሄደው ያው እግሯ እንዲድን ነው ይባላል። ደራሲዋ ይህን ልታስገባው ነው። ባለፈው ስንለያይ በር ላይ ቆማ «የትኛው እግሯ ይሁን?» አለችን። ተማሪዎቹ የግራው ይሁን አሉ፣ ግራ ስለሆነ። እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «የቀኙ ይሁን እንጂ፣ ልጄ። እናቷ ቤት ስትመለስ በቀኝ እግርሽ ግቢ ትላት የለ?» አሉ። ደራሲዋ እዚያው ደጃፉ ላይ ደብተሯን ከፍታ ጻፈችው።