የተበተነ ሕሊናና ማብቂያ የሌለው ቪዲዮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዳዊቱን ገልጦ ለጸሎት የቆመ ሰው እጁ ወደ ስልኩ የሚሳብ ከሆነ ምክንያቱን ስንፍና ብቻ አድርገን አንየው። ቲክቶክና መሰሎቹ ተመልካች የሚያቆምበት ቦታ እንዳያገኝ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቪዲዮ ደስ የሚያሰኝ ይሁን የሚያሰለች አስቀድሞ ስለማይታወቅም «አንድ ብቻ ልጨምር» የሚለው ጉጉት እየበረታ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ማለቂያ የሌለውን የገጽ አወራረድ የነደፈው አዛ ራስኪን ኋላ ላይ በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ብቸኝነት የከበደው ሰው ሐሳቡን ለመርሳት ወደ ስልኩ ይሸሻል፤ እዚያ የሚያጣው እንቅልፍ ግን ድብርቱን ያብስበታል።

«እኔ የማየው መዝሙርና ስብከት ነው» የምትሉም አላችሁ። ሆኖም ከስብከቱ ቁራጭ ቀጥሎ ጭፈራ፣ ከጭፈራው ቀጥሎ ስድብ ሲመጣ፣ ቃሉ በመንገድ ዳር እንደ ወደቀው ዘር ሥር ሳይሰድ ይለቀማል።

የመነኮሳት አባት የሚባሉት አባ እንጦንስ በበረሃ ሳሉ ስልቹነትና የሐሳብ ብዛት ባስጨነቃቸው ጊዜ፣ መዳን እንደሚወዱ ነገር ግን ሐሳባቸው እንዳልተዋቸው ለእግዚአብሔር ነገሩት። ጥቂት ቆይተውም እንደ እርሳቸው ያለ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ደግሞ ወደ ሥራው ሲመለስ አዩ፤ እርሱም መልአክ ነበርና «እንዲህ አድርግ፥ ትድናለህ» አላቸው። መልአኩ ለተበተነ ሕሊና የሰጠው መድኃኒት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ጸሎት መሆኑ እጅግ ያስደንቀኛል። መዝሙረኛውም «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰገንሁህ» ይላል (መዝ. 118፥164)። ሰባቱን ሁሉ ማድረስ ያልቻለ ከጸሎተ ንዋም (ከመኝታ ጸሎት) እስከ ጸሎተ ነግህ (እስከ ማለዳ ጸሎት) ስልኩን ከመኝታ ክፍሉ ውጭ ያኑር፤ ዓይንም ጆሮም እንደሚጾሙ የተማርን ሁሉ ይህን ከጾማችን ልንቆጥረው ይገባል።

ድብርቱ ለሳምንታት ያልለቀቀውን፣ ምግብና እንቅልፍ የነሣውን፣ ይልቁንም ሞትን የሚያስመኘውን ሰው «ጸሎት ስላነሰህ ነው» አትበሉት፤ ብቻውንም አትተዉት። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር የሚያዝዘን እግዚአብሔር ስለ ፈጠረው ነው። ስለዚህ የንስሐ አባቱም ቤተሰቡም ወደ ሕክምና ያድርሱት፤ ጸበል ሲጠመቅም ሐኪሙን ሳያማክር የታዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ።