ሬቶርናዶ ምንድን ነው?

ቃሉ ፖርቱጋልኛ ነው። ትርጉሙ «ተመላሽ» ነው፤ ሲበዛ ሬቶርናዶስ ይባላል። እኛ «ከስደት ተመላሽ» ስንል ሰውየው መጀመሪያ ከአገሩ ወጥቶ ነበር ማለታችን ነው። የፖርቱጋሎቹ ቃል ግን እዚህ ላይ ያደናግራል። ሬቶርናዶስ ከተባሉት ከሲሶ በላይ የሚሆኑት የተወለዱት አፍሪካ ነው። ብዙዎቹ ሊዝበንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት «በተመለሱበት» ቀን ነበር።

እንዴት? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፖርቱጋል ከጥንትም ልጆቿ የሚሰደዱባት አገር ናት። መጀመሪያ ወደ ብራዚል፣ በ1960ዎቹ ደግሞ በብዛት ወደ ፈረንሳይ ሄዱ፤ አብዛኞቹ ያለ ፓስፖርት፣ ድንበር እየሰበሩ። የአምባገነኑ የሳላዛር መንግሥት በበኩሉ ሰዉ ወደ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ፣ ወደ አንጎላና ወደ ሞዛምቢክ ቢሄድለት ደስ ይለው ነበር። ብዙዎችም ሄዱ። በ1940 አንጎላ ውስጥ የነበሩት ነጮች 44 ሺህ ገደማ ናቸው። በ1974 ከ300 ሺህ በላይ ሆነዋል።

ሁሉም ሰፋፊ እርሻ ያላቸው ጌቶች አልነበሩም። ሹፌሩ፣ ባለሱቁ፣ መካኒኩ፣ የቢሮ ጸሐፊው ሁሉ ነበሩበት። ይህን ስል ግን አንድ ነገር መዘለል የለበትም። እስከ 1961 ድረስ አብዛኛው የአገሬው ተወላጅ በሕግ ዜጋ እንኳ አልነበረም። የነጩ ባለሱቅ ኑሮ የቆመው እዚያ ላይ ነው።

ኤፕሪል 25፣ 1974 ወታደሮች ሊዝበን ውስጥ መንግሥቱን ገለበጡ። በአፍሪካ ከአሥር ዓመት በላይ የዘለቀው ጦርነት ሰልችቷቸው ነበር። በዓመቱ ሞዛምቢክ በጁን፣ አንጎላ በኖቬምበር ነጻ ወጡ። አንጎላ ላይ ነጻ አውጪዎቹ ገና ነጻነቱ ሳይታወጅ እርስ በርስ መታኮስ ጀመሩ። ያኔ ሰው ግር ብሎ ወጣ። በ1975 ክረምት ከአንጎላ ዋና ከተማ ከሉዋንዳ ወደ ሊዝበን አውሮፕላን ያለ ፋታ ተመላለሰ፤ ፖርቱጋሎች «የአየር ድልድይ» ይሉታል። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው፣ ዘጠኝ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባላት አገር ላይ አረፈ።

ዕቃው በመርከብ ተከተለ። ቤሌም በሚባለው የሊዝበን ሰፈር፣ ወንዙ ዳር፣ ለጥንቶቹ ባሕረኞች የቆመ ትልቅ ሐውልት አለ። በዚያ ዓመት የሬቶርናዶስ የእንጨት ሣጥኖች እሱ ሥር ተከመሩ። ማቀዝቀዣ፣ አልጋ፣ ምጣድ፣ የቤተሰብ ፎቶ። ድንጋዮቹ ባሕረኞች ወደ ወንዙ እያዩ ሊሄዱ ተነስተዋል፤ ከኋላቸው ደግሞ የመጨረሻው ጓዝ ተራግፏል። ማንም አስቦ ያደረገው አይመስለኝም።

ሣጥን የሌለው ብዙ ነበር። ያጠራቀመው ገንዘብ ደግሞ የአንጎላ ኤስኩዶ ነው፤ ሊዝበን ላይ ወረቀት ብቻ። መንግሥት አንድ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ መጠለያ ፈለገላቸው። የተወሰኑት ሊዝበን አጠገብ ኤሽቶሪል ባሉ ቅንጡ ሆቴሎች ገቡ፤ ሌሎቹ ፔኒሽ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በሚገኘው ምሽግ፣ ሳላዛር ተቃዋሚዎቹን ያስርበት በነበረው ወህኒ ቤት። ልጆቹ አፍሪካ እያሉ ኮካ ኮላ ጠጥተው አድገዋል። ፖርቱጋል ሲመጡ ኮካ የለም፤ እዚያ መሸጥ የጀመረው በ1977 ነው። «ከኋላቀር አገር መጡ» የተባሉት ልጆች መጥተው የታዘቡት ይህን ነው።

አቀባበሉም ቀዝቃዛ ነበር። «ጥቁሩን ሲበዘብዙ ኖረው አሁን ሥራችንን ሊሻሙን መጡ» ተባሉ። ሬቶርናዶ የሚለው ቃል ራሱ ስድብ ሆነ። ከመካከላቸው ጥቁሮችና ክልሶችም ነበሩ፤ የእነሱ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። በጁን 1975 የወጣው ሕግ፣ በቅኝ ግዛት ተወልዶ የፖርቱጋል ዘር የሌለውን ሰው ዜግነቱን ነጠቀው። በሌላ አነጋገር፣ ማን «ተመላሽ»፣ ማን «የውጭ ሰው» እንደሆነ የሚለየው የአያት የቅድመ አያት ጉዳይ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሰው እንደፈራው አልሆነም። ዘመድ ያለው ዘመድ ጋ ተጠጋ፤ ብዙው ካፌ ከፈተ፣ ሱቅ ከፈተ፣ ሥራ ያዘ። አንዳንዱም ወደ ብራዚል ቀጠለ። ቃሉን ያልወደዱት ግን ብዙ ነበሩ፤ «ስደተኛ በሉን፣ የሸሸነው ከጦርነት ነው» የሚሉ።

ፓሪስ ሕንጻ ሲገነባ ከርሞ ሰፈሩ ላይ ትልቅ ቤት የሠራውን ሰው ደግሞ ማንም ሬቶርናዶ አይለውም። እሱ ጡረታ ወጥቶ መንደሩ ቢገባም ስሙ ያው «ኤሚግራንት»፣ ማለትም ከአገር የወጣ፣ ነው።